የጓንጉል ግራዋና እመት ነቀዝ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ጠጋ በሉ፤ ይኼ ለልጆች ብቻ የሚነገር አይደለም። እንዲያውም ይበልጥ የሚነካው ጎተራ ያለውን ሰው ነው።

በጥንት ጊዜ፣ አራዊቱም ትላትሉም አፍ አውጥተው ከሰው ጋር በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ የሌለ አንድ አገር ነበረ። በዚያ አገር ማሽላ እንደ ልብ ይበቅላል። ምድሩ ገበሬውን አያሳፍርም፤ ዝናቡም ቢዘገይ እንጂ አይቀርም። የአገሩ መከራ ማሳው ላይ ሳይሆን ጎተራው ውስጥ ነበር። ነቀዝ! ኅዳር ላይ ሙሉ ሆኖ የገባው ማሽላ ሚያዝያ ላይ ሲወጣ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ነቀዝ ነው። ሰዉም ነቀዙን እያበጠረ፣ የተረፈውን እየፈጨ፣ የሚሸት ቂጣ እየበላ፣ "ምን ይደረግ፣ የአገራችን ልማድ ነው" እያለ ይኖር ነበር።

በዚያ አገር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ጓንጉል ከአባቱ ትልቅ ጎተራ ወርሷል፤ ከዚያ በላይ የሠራው ነገር አልነበረም። ጎተራው ከሩቅ ሲታይ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ጓንጉል ታዲያ ጎተራውን ራሱ የገነባው ያህል፣ ጠዋት ጠዋት ከበሩ ተቀምጦ ጋቢውን እያስተካከለ አላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ይጠይቃል። የሰላምታ ጥያቄ ነው የምላችሁ፤ ሰው እጅ ካልነሳው ያኮርፍ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ድምፅ የራሱን ነው። ሁለተኛ የሚወደው ደግሞ ስለ እሱ የሚያወራውን ሰው ድምፅ ነው። ሦስተኛ የለውም።

በሰፈሩ ጫፍ ደግሞ እመት አንጓች የሚባሉ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው ደግሞ ተናግረው የማይጠግቡ ተቆጪ ናቸው። ከሳቸው ጋር ተጋጭቶ አንገቱን ሳይደፋ የተመለሰ ሰው አይታወቅም። በሬያቸው እንኳ አንድ ጊዜ ስድባቸውን ሰምቶ ሳር እንቢ አለ ይባላል። ነገር ግን ማሽላቸው አይነቅዝም። ዓመት ቢቀመጥ ፍሬው እንደ ዶቃ ያበራል።

ጓንጉል ይኼ ነገር አንገበገበው። "የዚች አሮጊት ማሽላ ከእኔ ማሽላ በምን ይበልጣል?" ብሎ አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ሄደ።

"እንዴት ዋሉ፣ እመት አንጓች?"

"አንተ እስክትመጣ ደህና ነበርኩ። ምን ፈለግህ?"

"ምንም። እንዲያው የእርስዎ ማሽላ ለምን እንደማይነቅዝ ልጠይቅ ብዬ ነው።"

"እኔን ፈርቶ ነው።"

"ይቀልዳሉ!"

"ቀልዱ ይገባሃል ማለት ነው፤ አላወቅሁም ነበር። ና ወዲህ።"

ወደ ጓሮ ይዘውት ዞሩ። ከአጥሩ ሥር ግራዋ በቅሏል። አንድ ቅጠል ቀጠፉና ሰጡት።

"ብላው።"

ጓንጉል ቅጠሉን ቢያኝከው ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የጎረሰውን መትፋት አፈረ፣ መዋጥም አቃተው።

"አየህ፣ አንተን እንደመረረህ ነቀዝንም ይመራታል" አሉ እመት አንጓች። "ቅጠሉን በጥላ ታደርቃለህ። ፀሐይ ካገኘው ግን ቀልቡን ያጣል። ከዚያ አልመህ ትወቅጠውና ከማሽላው ጋር በደንብ ትለውሰዋለህ። ከላይ ብቻ ነስንሰህ እንዳትተወው፤ ነቀዝ በበር አትገባም።"

"ይኼው ነው?"

"ቆይ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል! ቅጠል የጎተራ ጠባቂ ቢሆንም ምንጊዜም ቅጠል ነው። ጉልበቱ ከመኸር እስከ ጥምቀት ነው፣ ቢበዛ እስከ ጾም መያዣ። ከዚያ ወዲያ ይዝላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ፍሬ እያወጣህ ቅመስ። መራራ ከሆነች ግባና ተኛ። መራራነቷ ከጠፋ ግን ቅጠሉ ሞቷልና አዲስ ወቅጠህ..."

ቀና ቢሉ ጓንጉል የለም። ከዚያ ከኋለኛው ንግግር ሁሉ ይዞ የሄደው "ተኛ" የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

እመት አንጓችም የአጥሩን በር እያዩ፣ "ጆሮ ሲታደል ይኼ ሰው ምላስ ሊቀበል ሄዶ ነበር" አሉ።

ጓንጉል ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ይታይሽን ጠራና የግራዋውን ቅጠል አስለቀመ፣ በጥላ አስደረቀ፣ አስወቀጠ። እሱ እያሳየ፣ እሷ እየወቀጠች ማለቴ ነው። ይታይሽ ሥራ የማይደክማት ሴት ስለነበረች፣ ዱቄቱን ከማሽላው ጋር ፍሬ በፍሬ የተቀባ እስኪመስል ለወሰችው። ጓንጉል በበኩሉ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነጭ ጋቢውን ለበሰ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት አንስቶ ሰው እያየው ከላይ በተነ።

"ስሙ!" አለ። "ሽበታም መልአክ በሕልሜ መጥቶ ይኼን ቅጠል ሰጠኝ። ጓንጉል አንዴ ከነሰነሰ የነቀዝ ዘር ማንዘር አለቀ! ይኼ ጎተራ ከእንግዲህ ለልጅ ልጅ አይነቅዝም!"

ሰዉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እመት አንጓች ብቻ ከኋላ ሆነው፣ "መልአኩ ጥርስ ነበረው ወይ?" ብለው ጠየቁ። የሰማቸው የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላዋ እንሂድ። በዚያ ጎተራ ውስጥ እመት ነቀዝ ከነልጆቿ ትኖር ነበር። አያት ቅድመ አያቷ እዚያው ተወልደው እዚያው የጠገቡ ናቸው። ያን ቀን አንዲት ፍሬ ነከስ ብታደርግ አፏ ተቃጠለ። ልጆቿም "አለቅን! ነደድን!" እያሉ ይንጫጩ ጀመር። እሷ ግን ሰብስባ ከጎተራው ምሰሶ ስንጥቅ ውስጥ አስገባቻቸው።

"ልጆቼ፣ ዝም በሉ" አለቻቸው። "የትም አንሄድም። ቅጠል ይደክማል፣ ሰው ይዘነጋል፤ እኛ ግን እንጠብቃለን።"

ከልጆቿ ሁሉ አፏ ሾል ያለው ሹሌ ትባላለች። እመት ነቀዝ ሹሌን ለቅምሻ ትልካት ጀመር። ታኅሣሥ ላይ ሹሌ ሄዳ ቀምሳ እየተፋች ተመለሰች።

"መረረ ወይስ ጣፈጠ?"

"መረረ እናቴ! ምላሴ አይሰማኝም!"

"እንግዲያው ተኙ። ቅጠል ይደክማል፣ ሰው ይዘነጋል፤ እኛ ግን እንጠብቃለን።"

እነሱ በስንጥቃቸው ተኙ። በዚህ መሀል ጥምቀት ደረሰ። የሌላው ሰው ጎተራ ሁሉ ነቀዝ ገብቶበት መፍላት ጀምሯል። የጓንጉል ማሽላ ግን ንጹሕ ነው። ጓንጉል ከጎተራው እፍኝ እያወጣ ለአላፊው ሁሉ ያሳያል። "እየው! አንዲት ቀዳዳ ካገኘህ ስሜን ቀይረው!" ይላል።

ሰዉም ተማከረ። ሙጨ የሚባል ደሃ ገበሬ ነበረ፤ ልጆቹ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ። እሱ ነው ቀድሞ የመጣው። የቀረችውን የዘር ማሽላ በአቁማዳ ተሸክሞ፣ "አያ ጓንጉል፣ ይችን ከአንተ ማሽላ ጋር አስቀምጥልኝ፤ ልጆቼ ነገ የሚበሉት ከዚች ነው" አለ። ከሙጨ ኋላ አገሩ ሁሉ ጎረፈ። ጓንጉልም አላሳፈራቸውም፤ ከእያንዳንዱ ለጥበቃ ድርሻዬ ነው እያለ አንዳንድ ቁና ከላዩ እየቀነሰ ተቀበላቸው። ግራዋ ልጨምር አላለም። ምን ሊያደርግለት! የእሱ ግራዋ መልአክ የሰጠው አይደለም?

የመጣው ማሽላ ውስጥ ደግሞ ስንት የነቀዝ እንቁላል ተደብቆ እንደገባ እግዜር ይወቀው።

እመት አንጓች ይኼን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

"እናንተ ሰዎች! ቅጠሉ ደክሟል! እስቲ አንዷን ፍሬ ቅመሷት፣ ምላሳችሁ ይነግራችኋል!"

ጓንጉል ሳቀ። "ሰማችሁ? ጥርስ የሌላት አሮጊት ቅመሱ ትላለች!"

አገሩም ሳቀ። ሙጨም ሳቀ። እመት አንጓችም ዙሪያውን አይተው፣ "ሳቁ፣ ሳቁ። ጥርሳችሁን አሁን ተጠቀሙበት፤ ግንቦት ላይ የሚታኘክ አታገኙም" ብለው ተመለሱ።

ይታይሽ ግን ነገሩ ሆዷን በላት። ማታ ራት ስታቀርብ፣ "ሰውዬ፣ አሮጊቷ የተናገሩት ከንቱ አይመስለኝም። ጓሮ ያለውን ግራዋ ነገ ልልቀምና እናድሰው። የሰው ዘር ነው የተቀበልነው" አለችው።

"ንጉሥ በየወሩ ዘውድ ይጭናል?" አለ ጓንጉል። "አንዴ ጭኗል፣ በቃው!"

"ግራዋ ነው እንጂ ንጉሥ ነው እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ እንደ አንጓች መሆን ጀመርሽ።"

ይኼን ንግግራቸውን ከግድግዳው ቀዳዳ ሆና እመት ነቀዝ ትሰማ ነበር። "ይች ሴት ካደሰችው አለቀልን" አለች። ሹሌን ላከቻት። ሹሌ ሄዳ ቀምሳ ተመለሰች።

"መረረ ወይስ ጣፈጠ?"

"መረር ይላል እናቴ። ግን እንደ በፊቱ አያቃጥልም።"

"እንግዲያው ተኙ። ቅጠል ይደክማል፣ ሰው ይዘነጋል፤ እኛ ግን እንጠብቃለን። ለዘንጊው ደግሞ ትንሽ እገዛ ያስፈልገዋል።"

በማግስቱ ጓንጉል ከበሩ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ እመት ነቀዝ በጋቢው ጫፍ ወጣች፣ ትከሻው ላይ ደረሰች፣ ከጆሮው ሥር ቆመች።

"ጌታዬ፣ ልሰናበትዎ ነው።"

ጓንጉል ደነገጠ። "ማነሽ አንቺ?"

"የነቀዞች እናት ነኝ፤ ተሸንፌያለሁ። ዘመዶቼ በሙሉ በእርስዎ ቅጠል አልቀዋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አገር ጥዬ መሄዴ ነው። በየደረስኩበት የእርስዎን ስም እያነሳሁ አለቅሳለሁ።"

የጓንጉል ልብ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። "ስሜን ታነሺያለሽ? በየደረስሽበት?"

"በየደረስኩበት! ግን ጌታዬ፣ ጠላት ብሆንም እውነቱን ልንገርዎ። ያን የመሰለ ኃይል በከፈቱት ቁጥር ይተናል። ጎተራውን ባይከፍቱት፣ ባይነኩት፣ አፉን ቢመርጉት፣ ለልጅ ልጅ ይቆያል። አዲስ ቅጠል ከጨመሩበት ደግሞ አዲሱና አሮጌው ተጣልተው ሁለቱም ይበላሻሉ። እኔ ግን ምን አግብቶኝ! ብቻ የእርስዎ ጀግንነት ሲበላሽ ማየት አልችልም።"

እስቲ አስቡት፣ ሰው ከነቀዝ ምክር ሲቀበል! ሚስቱ ስትመክረው ጆሮው ድፍን ነበር፤ አሮጊቷ ሲመክሩት ሳቀ። ነቀዝ ስታሞግሰው ግን የዚያኑ ዕለት ጭቃና ጭድ አስቦካና የጎተራውን አፍ መረገው።

ይታይሽ "ማን ነው የመከረህ?" ብትለው፣ "የሚያውቅ" አላት።

ጾሙ ገባ። ሹሌ ተላከች። የዚያን ቀን ሳትተፋ፣ ሆዷን እየጎተተች፣ አፏን እየጠረገች መጣች።

"መረረ ወይስ ጣፈጠ?"

"ጣፈጠ እናቴ! ማር ነው! ማር!"

"እንግዲያው ተነሱ!" አለች እመት ነቀዝ። "ቅጠሉ ደከመ፣ ሰውዬው ዘነጋ፤ በሩን ደግሞ ራሱ ዘጋልን! ብሉ፣ ውለዱ፣ የወለዳችሁት ይብላ፣ ይውለድ!"

ብዙም ሳይቆይ ጎተራው ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ጆሮ ቢሰጡት ከሩቅ የሚመጣ ካፊያ ይመስላል፤ ክስስስ ይላል። ጎረቤት መጥቶ፣ "አያ ጓንጉል፣ ይኼ ድምፅ ምንድን ነው?" አለ።

"ቅጠሉ ሥራውን ሲሠራ ነው" አለ ጓንጉል።

ትንሽ ቆይቶ ጎተራው ሞቀ። ድመቷ ከምድጃ ተነስታ ከጎተራው ሥር መተኛት ጀመረች። ሙጨ መጥቶ እጁን ግድግዳው ላይ አደረገና፣ "አያ ጓንጉል፣ ትኩስ ነው እኮ!" አለ።

"ቅጠሉ ተቆጥቶ ነው" አለ ጓንጉል። "ኃይለኛ ነገር ሲቆጣ ይሞቃል። እኔን አታየኝም?"

ደግሞ ቆይቶ ከጎተራው ሥር ነጭ ዱቄት እየረገፈ ይከመር ጀመር። ይታይሽ እፍኝ ዘግና አመጣች። "ይኼስ? ይኼስ ምንድን ነው?"

"የነቀዞቹ አመድ!" አለ ጓንጉል። "ተቃጥለው ሲረግፉ ነው።"

"ጓንጉል፣ ይኼ ዱቄት ነው። የሰው ዘር ነው። ክፈተው!"

"ከከፈትኩት ይተናል!"

"ምን የቀረ የሚተን ነገር አለው?"

ይታይሽ ዶማ ይዛ ልትሰብረው ተነሳች። ጓንጉል በሩ ላይ ተዘርግቶ ተኛ። እመት አንጓች የነገሩትን አንዲት ቃል ታዛዥ ሆኖ ፈጸመ ማለት ነው፤ ተኛ። ይታይሽም ዶማውን ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ሰው ጠርታ ልታስከፍተው አስባ ነበር፤ ግን አገሩ ሁሉ የባሏን አፍ አምኖ ተቀምጧል፤ ማን ይሰማታል?

ፋሲካ አለፈ። ሰማዩ ከበደ፣ ነጎድጓድ ተሰማ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ አፈሩ ሸተተ። ገበሬው በሬውን ጠምዶ ማሳውን ገልብጦ ዘሩን ለመውሰድ አቁማዳውን ይዞ ወደ ጓንጉል ቤት ጎረፈ። ጓንጉል ነጭ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ንግግርም አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ መልአኩ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ልጅ ልጅ ብዙ ተናገረ። ሰዉ ዝናብ እየመታው ቆሞ ሰማው።

በመጨረሻ ምርጉን አስፈነቀለ። ከሩቅ ሲያዩት ጎተራው ሙሉ ነው። ጓንጉልም፣ "አላልኳችሁም?" ብሎ እጁን ሰደደ። እጁ ሰጠመ። እስከ ክርኑ ሰጠመ። እስከ ትከሻው ሰጠመ። ሲያወጣው በዱቄት ነጥቷል፣ በነቀዝ ጠቁሯል፤ ነቀዞቹም በብብቱ፣ በአንገቱ፣ በጢሙ እየተርመሰመሱ ወጡ። ማሽላው ከላይ ፍሬ ይመስላል፤ ሲጨብጡት ግን ቅርፊት ብቻ ነው። ሙጨ እፍኝ አነሳና እፍ ቢልበት መዳፉ ባዶ ሆነ።

ሙጨ አልጮኸም። "አያ ጓንጉል፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ያመጣሁልህ ዘር ነበር። እስቲ ማሳዬ ላይ የምበትነውን አሳየኝ።" ከዚያም ባዶ አቁማዳውን ደረቱ ላይ ይዞ እጭቃው ላይ ተቀመጠ። ያኔ ሴቶቹ ዋይታ ጀመሩ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን አነሱ።

ጓንጉል በጎተራው ዙሪያ እየሸሸ፣ "ቅጠሉ ከዳኝ! ቅጠሉ ውሸታም ነው! ድርሻዬን ልመልስ!" ይላል። ምን ድርሻ! ለጥበቃ ብሎ የቀነሰው ማሽላም እዚያው ጎተራ ውስጥ ከሰው ማሽላ ጋር ነቅዟል።

ያን ጊዜ እመት አንጓች በሰዉ መሀል ገቡ።

"ቅጠሉን አትስደብ" አሉት። "ቅጠሉ እስከ ጥምቀት እቆማለሁ አለ፣ እስከ ጥምቀት ቆመ። አንተ ለልጅ ልጅ ብለህ ለግንቦት አልደረስክም። ከሁለታችሁ ውሸታሙ ማን ነው?" ወደ ሰዉም ዞሩ። "እናንተስ ምን ዱላ ትወዘውዛላችሁ? ምላስ አልነበራችሁም? ቅመሱ ስላችሁ ስትስቁ የነበራችሁት እናንተ አይደላችሁም? በሉ ዱላችሁን አስቀምጡና አቁማዳችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።"

ወሰዷቸው። ጎተራቸውን ከፈቱ። ከዓመት ዓመት ሳይነቅዝ የተጠራቀመው ማሽላ እንዳለ ነበር፤ አዲስ ግራዋ የተደረገበት ከጾም መያዣ በኋላ ስለነበር ገና ይሸታል። ለእያንዳንዱ የሚዘራውን ያህል ሰፍረው ሰጡ። ለሙጨ ጨምረው ሰጡት። ሙጨ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በምርኩዛቸው ገፉት።

"ተው! ወድጃችሁ መሰላችሁ? እናንተ በረሃብ ካለቃችሁ ከማን ጋር ልጣላ ነው?"

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዘር እንጂ ቀለብ አልነበረምና ሰዉ ከጫካ ሥራ ሥር እየማሰ፣ ሳማ እየቀቀለ አሳለፈው። ብዙ ልጅ በራብ አለቀሰ። ማሽላው ግን በቀለ።

ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ፈረዱ። ጓንጉል በየዓመቱ በራሱ በሬ የሙጨን ማሳ አስቀድሞ ያርሳል። ለአገሩ ጎተራ የሚሆነውን ግራዋ በገዛ እጁ ይወቅጣል። በየወሩም ከቤት ቤት እየዞረ ከእያንዳንዱ ጎተራ ፍሬ ይቀምሳል፤ ከጣፈጠችው አዲስ ግራዋ ያስገባል፣ ከመረረችው ይውጣታል። ጓንጉልም ፊቱን እየጨማደደ ሲዞር ሴቶቹ፣ "ዛሬስ መልአኩ ምን አለህ?" እያሉ ይስቁበት ነበር። ሥራውን የሚቆጣጠሩት ማን ይመስላችኋል? እመት አንጓች። አንዷን ጎተራ ዘሎ ያለፈ እንደሆነ ድምፃቸው ከሦስተኛው ኮረብታ ይሰማል።

ተምሮ ይሆን? አይ፣ የኔ ልጆች። ዓመት ሳይሞላው ከመንገደኛ ጋር ተቀምጦ፣ "ግራዋን ለዚህ አገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ" ሲል ተሰምቷል።

እመት ነቀዝ ደግሞ ጎተራ ሁሉ በወቅቱ እየታደሰ ስለመረራት ሹሌንና የቀሩትን ልጆቿን ሰብስባ ከዚያ አገር ወጣች። ወደ ሌላ አገር ስትደርስ ሹሌ፣ "እናቴ፣ እዚህ ግራዋ አላቸው ወይ ብዬ ልጠይቅ?" አለቻት።

"ግራዋውን ተይው" አለች እመት ነቀዝ። "አንዴ ነስንሼ ተገላግያለሁ የሚል ሰው እንዳለ ጠይቂ።"

ጠየቀች። አለ አሏት። ገቡ።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተ የሰማችሁትን ለጎረቤት ንገሩ። አባቶቻችን ታዲያ ይኼን አይተው እንዲህ አሉ፦

ጠባቂውን ያልጠበቀ፣ ከነዘሩ አለቀ።